ደረቅ ያደረ አንሶላ

ሰኞ ማታ

ይህን ደብተር የሰጠኝ ልብስ ሰፊው ነው። የደንበኛ ልኬት ሊይዝበት ገዝቶት፣ ወረቀቱ ስስ ሆኖ ቀለም ሲያሳልፍበት ተናደደና፣ «ማዘር፣ ከምጥለው አንቺ ውሰጂው፤ የሆድሽን ተንፍሺበት» አለኝ። ቁልፍ ስተክልለትና ጠርዝ ስቀመቅምለት ለብቻዬ ሳጉረመርም ሰምቶኝ ይሆናል። ለብቻዋ የምታወራ አሮጊት ከመባል የምትጽፍ አሮጊት መባል ሳይሻል አይቀርም።

የሆዴንስ ለማን ልንገር? ሾፌሬ እንደሆነ የነገርኩትን ሳልጨርስ ይረሳዋል። ሾፌሬ የምለው ባሌን ነው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድቷል፤ እኔ የዚያው አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። «ጠጋ ጠጋ በሉ!» እያልኩ ስጮህ በመስታወቱ እያየኝ ይስቅብኝ ነበር፤ በዚያው ተጋባን። ጡረታ ከወጣ በኋላ መርሳት የሚሉት በሽታ መጣበት። መጀመሪያ የቤት ቁልፍ ጠፋው፣ ቀጥሎ የትኛው ፎቅ ላይ እንደምንኖር፣ ቀጥሎ የልጃችን ስም። የእኔ ገና አልጠፋውም። ማለቴ፣ አንዳንድ ቀን ይጠፋዋል።

እንግዲህ ደብተር አይታፈርም፤ ዝናቡ ከገባ ወዲህ ሌሊት አልጋው ላይ ያመልጠዋል። በየቀኑ አንሶላ፣ በየቀኑ ሱሪ፣ አንዳንዴ ብርድ ልብሱም ጭምር። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ሲዞር ይውላል። የዱቄት ሳሙናው ዋጋ አይቀመስም፣ መብራቱን ደግሞ የምትከፍልልን ልጃችን ናት። ዛሬ ደውላ፣ «እማዬ፣ ምንድነው እንዲህ መብራት የሚበላው? ዳቦ ቤት ከፈታችሁ እንዴ?» አለችኝ። ሳቅሁላት። «ብርዱ ነው፤ ውሃ እያሞቅን ነው» አልኳት።

እውነቱን ብነግራት ነገውኑ መኪና ይዛ ትመጣለች። ቁጭ አድርጋ ነግራኛለች፤ «አባዬ ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ቀን እኔ ቤት ይገባል። አንቺ ወገብ የለሽም፣ አትችይውም» ብላ። ጨካኝ ሆና አይደለም። ግን እሷ ቤት ለእሱ የሚሆን አልጋ እንጂ ለሁለታችን የሚሆን ክፍል የለም። ያለ እሱ ምን አባቴ እሆናለሁ?

ስለዚህ ነገሩ የአጠባ ነገር ነው። አጠባውን ካቀለልኩ ሁሉም ይቀልልኛል።

ረቡዕ

ማሽኑን ከሶኬቱ ነቀልኩት። በሳፋ ሆነ። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳሙናው ግማሽ። ጠዋት እዘፈዝፋለሁ፣ ቁልፌን እየተከልኩ ይቆይልኛል፣ ከሰዓት አሻለሁ። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ አልደፋም፤ ለነገ መዘፍዘፊያ ይሆናል። እጄ ቀላ። ይቅላ።

አርብ

አይ ዝናብ! ገመድ ላይ የዋለ አንሶላ ሲወርድም እርጥብ ነው፤ እርጥብ ብቻ ቢሆን በተገኘ፣ ይሸታል። በካውያ ላድርቀው ብዬ ጀመርኩና መብራቱ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። በአንድ በኩል ቆጥቤ በሌላ በኩል ላፈስ ነበር፤ ጅል!

በረንዳ ላይ ሳሰጣ ደግሞ የታችኛዋ ጎረቤት ጮኸች። «እትዬ! የእርስዎ አንሶላ የኔን ልብስ ሁለተኛ እያጠበው ነው!» ይቅርታ ልጠይቃት ወረድኩ። ሰው አይጠላትም፤ ዓይኗ ግን ፈጣን ነው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሕፃን መጣ እንዴ ቤታችሁ? በየቀኑ አንሶላ አያለሁ» አለች።

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «አዎ፣ የልጅ ልጄ ነው፤ ሰንበት ብሎ ይሄዳል» አልኳት።

የልጅ ልጅ የለኝም።

እሑድ

ያረጁትን አንሶላዎች ለሁለት ለሁለት ቀድጄ ጠርዛቸውን ቀመቀምኩ። ሙሉው አንሶላ ከሥር፣ በላዩ የጠረጴዛ ላስቲክ፣ በላስቲኩ ላይ ግማሿ። ሲያመልጠው ግማሿን ብቻ ማጠብ ነው። ከማንም አልሰማሁትም፤ ከራሴ ያፈለቅሁት ነው። ጉራዬን ለደብተር ካልነዛሁ ለማን ልንዛ?

ሳጣጥፍ መጥቶ አንዱን ጫፍ ያዘልኝ። እጁ ምንም አልረሳም። ወደ እኔ ይመጣል፣ ጫፉን ያቀብለኛል፣ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ይወጥራል። ስንጨርስ ትከሻዬን መታ አደረገና፣ «ሂሳብ ሰበሰብሽ?» አለኝ።

«ሰብስቤያለሁ።»

«እንግዲያው እንነሳ።»

ምናለ ሁልጊዜ እንዲህ ቢሆን። ይህን ሰው ማንም ከእጄ አይወስደውም።

ሌላም ዘዴ አግኝቻለሁ። በየመሐሉ «ወራጅ አለ!» ብዬ እጮሃለሁ። የያዘውን ትቶ ቀጥ ይላል፤ ክንዱን ይዤ ሽንት ቤት አደርሰዋለሁ። ቀን ቀን ይሠራል። ሌሊት ግን እኔም ሰው ነኝ፣ እተኛለሁ።

ማክሰኞ

ወገቤ ተቆረጠ። ልብስ ሰፊው የተከልኳቸውን ቁልፎች አየና፣ «ማዘር፣ የላይኛው ቁልፍና የታችኛው ተኳርፈዋል» አለኝ። ልስቅ ብዬ አለቀስኩ። ደንግጦ ሻይ አዘዘልኝ።

ሱቅ ስገባ ባለሱቁ ለሚስቱ፣ «ይቺ ሴትዮ ሳሙና ትበላለች እንዴ?» ሲላት ሰማሁ። ያልሰማሁ መስዬ ትንሿን ከረጢት ገዝቼ ወጣሁ። ግማሽ ግማሽ ብዬም አልበቃ አለ። አላወቅሁበትም። ሌላ ሴት ብትሆን ታውቅበት ነበር።

ሐሙስ ማታ

ዛሬ የሆነውን በዝርዝር ልጻፈው፤ ደስ ብሎኛል።

ከመተኛቱ በፊት ውሃ ጠየቀኝ። አንድ ትልቅ ኩባያ ግጥም አድርጎ ነው የሚተኛው። ቀድቼ ስመጣ መኝታ ቤት በወጠርኩት ገመድ ሥር አለፍኩና አንገቴ ላይ ጠብ አለብኝ። አንሶላው ገና አልደረቀም። ግማሾቹም አልደረቁም። አልጋው ላይ ካለው ሌላ ምንም የለኝም። ኩባያውን ይዤ ቆምኩ። ምን እንደምል ሳላስበው፣ «ሾፌር፣ መስመር ላይ እኮ ነን» አልኩት።

አውቶቡስ ላይ ያልሠራ ሰው ይህ አይገባውም። በእኛ ጊዜ ሽንት ቤት ያለው መጨረሻ ፌርማታ ብቻ ነበር። ተሳፋሪ ጭኖ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ የሚወርድ ሾፌር መሳቂያ ይሆናል። ስለዚህ መስመር ላይ ውሃ የሚባል ነገር የለም፤ ፀሐይ ቢያነድደውም በምራቁ እየታገሠ ይነዳል። የእኔ ሰው ደግሞ በዚህ የታወቀ ነበር። አዲስ ሾፌር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። «መስመር ላይ ውሃ የለም። መጨረሻ ፌርማታ፣ ሞተር ካጠፋህ በኋላ።» እኔም አብሬው እጠማ ነበር። ስንደርስ ሞተሩን ያጠፋና ከወንበሩ ሥር ጠርሙሱን አውጥቶ፣ ራሱ ሳይቀምስ ለእኔ ይሰጠኛል። «ደርሰናል፤ ጠጪ» ይለኛል። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠ ውሃ አልጠጣሁም።

ይኸው የልጁን ስም የረሳ ሰው ይህን አልረሳም። የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። «ልክ ነሽ» አለ፤ «መስመር ላይ ውሃ የለም።» ዞሮ ተኛ።

ውሃውን ሳፋው ውስጥ ጨመርኩት።

አርብ ጠዋት

ደረቅ! በእጄ ዳሰስኩት፣ አላመንኩም፣ በጉንጬ ዳሰስኩት። ደረቅ! እሰይ! ዛሬ አጠባ የለም።

ሐሙስ

ሰሞኑን አንድ ሌሊት ብቻ አመለጠው፣ ያውም ትንሽ። ከምሳ በኋላ የጠጣው ነው። ስለዚህ ከምሳ በኋላም መስመር ላይ ነን። ጠዋት ሻይ ይጠጣል፣ ሾርባም አለ፤ ሾርባ ውሃ አይደለም እንዴ? ሳሙናው ከረጢቱ ውስጥ ቁጭ ብሏል። እጄ እየዳነ ነው።

የታችኛዋ ደረጃ ላይ አግኝታኝ፣ «ሕፃኑ ሄደ እንዴ?» አለችኝ።

«ሄደ» አልኳት። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሆዴ ባባ።

ቅዳሜ ማታ

ልጄ መጥታ ዋለች። በር ላይ እንደቆመች አየሩን አሸተት አደረገች። «ቤቱ ጥሩ ጥሩ ይሸታል» አለች። ኮቷን ልታስቀምጥ መስላ መኝታ ቤት ገብታ ብርድ ልብሱን ገለጥ ስታደርግ አይቻታለሁ፤ ያላየሁ መሰልኩ። ንጹሕ፣ ደረቅ። ተመልሳ አቀፈችኝ።

«መብራቱም ቀንሷል። እንዴት ቻልሽው እማዬ? እኔ እኮ ልወስደው ነው የመጣሁት። እውነቴን ነው፣ አልጋውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።»

«ዘዴ አለኝ» አልኳት። ልቤ እንዴት እንዳበጠ!

አባቷን ስትስመው ግን፣ «ከንፈሩ ለምንድነው እንዲህ የተሰነጣጠቀው?» አለች።

«ብርዱ ነዋ።»

ቫዝሊን ቀባሁት። ምላሱን አውጥቶ ላሰው። ልጄ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ስትወጣ ደግሞ፣ «ተኝቶ እኮ ነው የዋለው፤ አባዬ ቀን ተኝቶ ያውቃል?» አለችኝ። በዚህ ዝናብ ማን የማይተኛ አለ አልኳት። ደረጃውን እየወረደች ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየችኝ።

አልወሰደችውም። ዋናው እሱ ነው። አልወሰደችውም።

ሰኞ

ቸኩያለሁ፣ ሥራ ላደርስ ነው። ሽንቱ ጠቁሯል፣ ጠረኑም ከባድ ሆኗል። ግድግዳ ይዞ ነው የሄደው። ልጃችንን ሳይሆን እናቱን ሲጠራ አደረ። የበሽታው ጠባይ ነው፣ እየባሰበት እንደሚሄድ ድሮም ተነግሮናል። አንሶላው ደረቅ።

ረቡዕ ማታ

ዛሬ መታሁት። እጄን ይቁረጠው።

ሥራ አድርሼ ስመለስ አልጋው ላይ የለም። ወጥቶ ሄደ ብዬ በየክፍሉ ሮጥኩ። መታጠቢያ ቤት አገኘሁት። ሳፋው አጠገብ ተንበርክኮ፣ ሁለት እጁን አጋጥሞ፣ ያስቀመጥኩትን የማለቅለቂያ ውሃ እየቀዳ ይጠጣል። ሳሙና ያለበት ውሃ። አገጩ ላይ አረፋ አለ። ፊቱ ግን… ምን ብዬ ልጻፈው። ፊቱ እንዲህ ደስ ብሎት ካየሁት ቆየሁ።

«ምን አባክ ትሠራለህ? እጣቢ ይጠጣል?» ብዬ እጁን መታሁት። ውሃው ፈሰሰ።

ቀና ብሎ አየኝ። እንደ ሚስቱ አይደለም ያየኝ፣ እንደ ተቆጣጣሪ ነው። «ይቅርታ» አለ። «ለአለቃ አትንገሪብኝ። ማንም አያየኝም ብዬ ነው።»

አፉን ጠረግሁለት። እጁን ሳምኩት፣ የመታሁትን እጅ። አስተኛሁትና ሳፋውን ደፋሁት፤ ለነገ የሚሆን ውሃ ነበር። መርሳት እንዲህ ነው፤ ንጹሑን ከቆሻሻው መለየት ያቅተዋል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ኩባያ አንስቼ ከቧንቧው ሞልቼ ነበር። በር ላይ ስደርስ መሽቷል። የተነጠፈው አንሶላ ደግሞ ደረቅ ነው፤ ኩባያውን መለስኩት። ጠዋት እሰጠዋለሁ አልኩ። ጠዋት፣ እስኪጠግብ።

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከግድግዳው ባሻገር ሲያላምጥ ይሰማኛል። አፉ ውስጥ ምንም የለም፤ ዝም ብሎ ያላምጣል።

ማንም አያየኝም ብዬ ነው።

ሐሙስ

አልነቃ አለኝ። ጮህኩ። የታችኛዋና ባሏ መጥተው በብርድ ልብስ ተሸክመው አወረዱት። ሆስፒታል ነን። ስናነሳው አንሶላው ደረቅ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሆስፒታል

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ሲያናግረኝ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እናቴ፣ ሰውነታቸው ውስጥ ውሃ አልቋል። ኩላሊታቸውም ተጎድቷል። በቀን ምን ያህል ነበር የሚጠጡት?»

ልጄ አጠገቤ ቆማለች።

«እንደ ልቡ» አልኩ።

ጻፈው። የተናገርኩትን እንዳለ ጻፈው።

እሑድ፣ ሆስፒታል

በክንዱ የገባለትን ጉሉኮስ ነቅሎ ስለጣለ አሁን በአፉ መጠጣት አለበት አሉ። ነርሷ ኩባያ ይዛ መጣች። ጥርሱን ነክሶ ፊቱን አዞረ። ሞከረች፣ አዞረ። ልጄ ተቀብላ፣ «አባዬ፣ በሞቴ! አንዴ ብቻ!» አለችው። ኩባያውን በእጁ ገፋው። የተሰነጠቀው ከንፈሩ ደም አውጥቷል፣ ዓይኑ ኩባያው ላይ ነው፣ አፉን ግን አይከፍትም።

«መስመር ላይ ነኝ» አለ።

«ምን እያሉ ነው?» አለች ነርሷ።

«የድሮ ሥራው ነው፤ አውቶቡስ ይነዳ ነበር» አለች ልጄ።

«መስመር ላይ ውሃ የለም» አለ፣ ጥርት አድርጎ።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «እማዬ፣ ምን ማለቱ ነው?»

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። እንደ በሽታው ተቆጥሮ ይቀር ነበር። ነርሷን ሌላ በሽተኛ ይጠብቃታል፣ ኩባያውን ልታስቀምጥ ነው። ጎንበስ ብዬ በጆሮው ነገርኩት፤ አልሰማኝም። ከዚያ ቀና አልኩና እንደ ድሮዬ፣ ክፍሉ ሙሉ ሰው እየሰማኝ፣ በሙሉ ድምፄ ጮህኩ፦ «ሾፌር! መጨረሻ ፌርማታ! ሞተር አጥፋ!»

ቀኝ እጁ ተነሳ። አየር ላይ ቁልፍ አዞረ። በረጅሙ ተነፈሰና አፉን ከፈተ። ኩባያውን ጨረሰ፣ ሁለተኛውንም ጨረሰ፤ በአገጩ እየወረደ ደረቱንና ትራሱን አራሰው። ነርሷ «ጎበዝ አባባ! ጎበዝ!» እያለች ትስቃለች።

ልጄ አልሳቀችም። ክንዴን ይዛ ኮሪደር አወጣችኝ።

«መስመር ላይ ነህ ያለው ማነው?»

«እኔ» አልኳት።

«እማዬ። ለምን?»

«አንሶላው» አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። «አንሶላው እንዳይ…»

አፏን በእጇ ያዘች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ብትሰድበኝ። «አንሶላ እኮ እኔ እገዛልሽ ነበር» አለችና ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። እንደ ልጅነቷ ነው ያለቀሰችው። ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ፤ መልሼ ሰበሰብኩት።

ረቡዕ

ከሆስፒታል ሲወጣ በቀጥታ እሷ ቤት ወሰደችው። ቤት መጥታ ልብሱን ስትሰበስብ አብሬያት አጣጠፍኩ። ፒጃማዎቹን ከላይ አድርጊያቸው አልኳት፣ ቶሎ ቶሎ ትፈልጊያቸዋለሽ። «እሺ» አለች። በር ላይ ሳመችኝ። እንደ ወትሮው ሁለቱን ጉንጬን ሳመችኝ፤ አልዘለለችም። ዞር ብላ ግን አላየችኝም።

አርብ

ዝናቡ ቆመ። ፀሐይዋ ወጥታ ትስቃለች፤ አሁን ወጣሽ? ዛሬ አንሶላ ቢሰጣ ጠዋቱን ይደርቅ ነበር። ግማሾቹን አውጥቼ፣ ታጥበው ተጣጥፈው የተቀመጡትን፣ ደግሜ አጠብኳቸው። ሳሙናውን ሙሉ አደረግሁት። የታችኛዋ ቀና ብላ አየችኝ፤ ገመዱን ሁሉ አየችውና ገባች። ስለ ሕፃኑ አልጠየቀችኝም።

ልብስ ሰፊው ሻይ አስመጣልኝ። አልወርድ አለኝ። ውሃም አይወርድልኝም። ኩባያ አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ።

እሑድ ማታ

ልጄ ቤት ሄጄ ነበር። ቤቴ ደርሼ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

በሩ አጠገብ ቅርጫት ሙሉ አንሶላ አለ፤ ማሽኑ ሲዞር ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። «እኔ ይዤው ልሂድና ልጠብልሽ» አልኳት። «ተዪው እማዬ፤ ማሽኑ ያጥበዋል» አለች። ተቆጥታ አይደለም። ደክሟት ነው። እጇን አየሁት፣ እንደ እኔ ቀልቷል።

መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ሞልቷል፣ ከንፈሩ ድኗል። አጠገቡ ጆግ ሙሉ ውሃና ኩባያ አለ። ሱሪው እርጥብ ነው፤ ልጄ አይታው፣ «ቆይ አባዬ፣ ውሃህን ጨርስና እንቀይራለን» አለችው። በቃ፣ ይኸው ነው። እንዲህ ቀላል ነበር።

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ተቀመጪ ያለኝ የለም፣ መቀመጥ እችል እንደሆነም አላወቅሁም። አየኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ይቺ ሴትዮ ከየት ነው የተሳፈረችው?» አለ።

«እማዬ እኮ ናት፣ አባዬ» አለች ልጄ።

የራሱን እናት ማለቷ መስሎት ይሁን ወይም ሌላ፣ ራሱን ነቀነቀ። ቀና ብሎ ፊቴን አስተዋለ። «አታስቁሟት እንጂ። ሩቅ ነው የመጣችው። ከንፈሯን አታዩም?»

ኩባያውን አነሳ። ውሃው ጉልበቱ ላይ ይፈሳል። እሱ ገና አልቀመሰውም ነበር። ወደ እኔ ዘረጋውና እየሳቀ፣ በዚያ በድሮው ድምፁ፣

«ደርሰናል፤ ጠጪ» አለኝ።

ልጄ እያየችኝ ነው። ኩባያውን ተቀበልኩት። ጠጣሁ።